ከቶርኖ የወጣ እንጨት መቼ ቅርጻ ቅርጽ ይባላል?

ጥያቄ፦ በቶርኖ የአልጋና የወንበር እግር እያወጣሁ የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። በውጭ አገር በዚሁ ማሽን የተሠራ ዕቃ ሙዚየም እንደሚገባ ሰምቼ ከእርጥብ ዋንዛ ጎድጓዳ ሳህን ብሠራ፣ ሲደርቅ ተጣመመ፤ ተሰነጠቀም። ምን ይሻለኛል?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ መጣመሙንና መሰንጠቁን ለይተው ይመልከቱ፤ መሰንጠቁ ጉድለት ነው፣ መጣመሙ ግን የዘመኑ ጥበብ አንድ አካል ሆኗል። እንጨት ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ክብ ሆኖ የወጣው ሳህን ሞላላ ይሆናል። አሜሪካዊው ዴቪድ ኤልስወርዝ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ በጠባብ አፍ በኩል የታጠፈ መሮ እያስገባ ውስጡን በመቦርቦር፣ ግድግዳቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ቅርጾችን መሥራት ጀመረ፤ የእርጥቡን እንጨት መጣመምም የቅርጹ አካል አደረገው። ከእርሱ ቀደም ብሎ የሌላው አሜሪካዊ የቶርኖ ባለሙያ የጄምስ ፕሬስቲኒ ስስ ሳህኖች ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብተዋል።

ዕቃው ለአገልግሎት ስለማይውል ብቻ (አንዳንዶች እንደዚያ ያስባሉ) ቅርጻ ቅርጽ አይሆንም፤ በእኔ አስተያየት ወሳኙ የውጭው መስመር ከአፍ እስከ መቀመጫው ሳይሰበር መውረዱ ነው። ወይራ ቢያገኙ የውስጡን ጥቁር መስመር ከቅርፊቱ ሥር ካለው ከነጣው የዳር እንጨት ጋር አብረው ይተዉት።

ስንጥቁን ለመቀነስ ግንዱን በእምብርቱ በኩል ሰንጥቀው እምብርቱን ያስወግዱ፣ ጫፎቹን ሰም ይቀቡ፣ የግድግዳውን ውፍረት እኩል ያድርጉ፤ ከዚያም ሳህኑን በወረቀት ጠቅልለው ፀሐይና ነፋስ በማይደርስበት ቦታ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ያቆዩት።