መጀመሪያ ካርታ መጣልን ተማሩ፦ በ1 ዶላር ውድድር ፖከር ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የእኛ ሰው ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ ይነዳል፣ የሆቴል ክፍል ያነጥፋል፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ያድላል። እኔ ካርታ ከሚያድሉት ወገን ነበርኩ። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በፖከር ጠረጴዛ ተቀምጬ ሌሎች ገንዘባቸውን ሲቀባበሉ በማየት ነው። አዳይ ለተጫዋች ምክር መስጠት አይፈቀድለትም፤ ሰው ዓይኑ እያየ ጥፋት ሲሠራ ፊቱን ሳይለውጥ ካርታውን ሰብስቦ ይበውዛል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን አፌን የሚይዘኝ የለም። በኢንተርኔት በ1 ወይም በ2 ዶላር መግቢያ የሚካሄደውን የቴክሳስ ሆልደም ውድድር እንዴት እንጀምር የምትሉኝ ስለበዛችሁ ለአንዱ የምናገረውን ለሁላችሁም ጻፍኩት።

በመጀመሪያ እናቶቻችሁ «ቁማር ነው» ቢሏችሁ አትከራከሯቸው፤ ልክ ናቸው። ችሎታ የሚጠይቅ መሆኑ እውነት ነው፣ ነገር ግን ገንዘብ አስይዞ የሚመጣውን ካርታ መጠበቅ ስሙ ያው ነው። በእምነቴ ምክንያት አልነካውም የሚል ካለ አከብረዋለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ለእርሱ አልተጻፈም። ሕጉም አለ። እዚህ ኔቫዳ ውስጥ 21 ዓመት ያልሞላው ሰው መጫወት አይችልም። በአሜሪካ በገንዘብ የሚደረግ የኢንተርኔት ፖከር የተፈቀደው እንደ ኔቫዳ፣ ኒው ጀርሲ፣ ፔንሲልቬኒያና ሚሺጋን ባሉ ጥቂት ግዛቶች ብቻ ነው። የምትኖሩበት አገር ወይም ግዛት የማይፈቅድ ከሆነ ገንዘብ በሌለው የመለማመጃ ቺፕ (በገንዘብ ፈንታ በሚያዘው ጠጠር) ተጫወቱ እንጂ ፈቃድ የሌለው ቦታ አትሂዱ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት ትልልቆቹን የፖከር ድረ ገጾች በከሰሰ ጊዜ በአንደኛው ላይ ገንዘብ የነበራቸው ብዙ አሜሪካውያን እስከ 2014 ድረስ አንድ ሳንቲም ሳያገኙ ጠብቀዋል።

ከእግር ኳስ ውርርድ ወደ ፖከር የምትመጡ ልጆች ደግሞ ልዩነቱን ለዩ። በውርርድ ቤት ተቃዋሚያችሁ ቤቱ ነው፤ ዋጋውን የሚተምነውም እርሱ ነው። በፖከር ውድድር የምትወስዱት እርስ በርሳችሁ ነው፣ ቤቱ የአገልግሎት ክፍያውን አንሥቶ ይቀመጣል። መግቢያው 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ከሆነ ለሽልማት የሚውለው 1 ዶላሩ ነው። ሁሉም ተጫዋች እኩል ችሎታ ቢኖረው ኖሮ በጊዜ ብዛት ሁሉም ከከፈለው ከመቶ 9 ያህሉን ያጣ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር እኩል መሆን አይበቃችሁም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴኔሲ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት በ86 ዶላር በገባበት ማጣሪያ አልፎ እዚሁ ላስ ቬጋስ የዓለም ፖከር ሻምፒዮናን አሸነፈ፤ 2.5 ሚሊዮን ዶላርም ወሰደ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ወጣት አላጋጠመኝም። በዚያ ውድድር 839 ሰው እንደነበረና የቀሩት 838ቱ ዋንጫውን ሳይዙ እንደተመለሱ የሚነግረኝ ግን የለም።

አሁን ወደ ጨዋታው። ለብቻችሁ ሁለት ካርታ ይደርሳችኋል፤ ለሁሉም የሚያገለግሉ አምስት ካርታዎች ደግሞ መሃል ላይ ይዘረጋሉ። ከ52 ካርታ ሁለት ሁለት እየተደረገ ሊወጣ የሚችለው ጥምረት 1,326 ነው። ሁለት አስ የሚደርሳችሁ በአማካይ ከ221 እጅ አንድ ጊዜ ነው። ጀማሪ ይህን ሳያውቅ ይሰላቻል፤ ሲሰለችም አንድ ንግሥትና አንድ ስድስት ይዞ ይገባል። ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ መጀመሪያ የመናገር ተራ ሲደርሳችሁ ከጥንድ ዐሥር ጀምሮ ያሉትን ጥንዶች፣ አስ ከንጉሥ ጋር፣ አስ ከንግሥት ጋር፣ እነዚህን ብቻ ተጫወቱ። ሲቆጠሩ 62 ጥምረት ናቸው፤ ከመቶ እጅ አምስት እንኳ አይሞሉም። የቀረውን ጣሉ፤ ማለትም ሳትከፍሉ ከዚያ እጅ ውጡ። ተራችሁ ወደ መጨረሻ ሲጠጋ ግን ብዙዎቹ ካርታቸውን ጥለው ስላያችኋቸው በሩን ሰፋ ልታደርጉት ትችላላችሁ። መጨረሻ የሚናገር ሰው የሌላውን ውሳኔ አይቶ ይወስናል፤ በዚህ ጨዋታ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም በነፃ አይገኝም። በቦታ ምክንያት የምትጥሉትን ካርታ አትዘኑለት፤ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ከጀማሪዎች የሚለዩት ከሁሉ በፊት በዚህ ነው። አድዬ ባበቃሁባቸው ምሽቶች አብዛኛውን ሰዓት ዝም ብለው ተቀምጠው የሚጥሉት ሰዎች ናቸው መጨረሻ ላይ ቺፕ ሲቆጥሩ የሚገኙት።

ገበጣ ላይ ያደጋችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ይከብዳችኋል። በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ ፊት ለፊት ነው፤ ከተሸነፋችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። በፖከር ግን ትክክል ሠርታችሁ ልትሸነፉ፣ ተሳስታችሁም ልታሸንፉ ትችላላችሁ። ጥንድ አስ ጥንድ ንጉሥን ካርታው ሳይዘረጋ ሲገጥም ከመቶ 82 ያህሉን ያሸንፋል፤ 18ቱን ይሸነፋል። ያ አሥራ ስምንት በእናንተ ላይ ሲደርስ ድረ ገጹ አጭበረበረ እያላችሁ አትጩኹ። ሰው ይህን ሲል በሰማሁ ቁጥር ሒሳብ እንዳልጀመረ አውቃለሁ።

ሒሳቡም ከባድ አይደለም። መሃል 200 ቺፕ አለ እንበል፤ ተቃዋሚያችሁ 100 ጨመረ። 300 ለመውሰድ 100 ትከፍላላችሁ፣ ስለዚህ ከአራት አንድ ጊዜ፣ ማለትም ከመቶ 25፣ ካላሸነፋችሁ መክፈሉ ኪሳራ ነው። መሃል ካሉት ጋር ተቆጥሮ አንድ ዓይነት ምልክት፣ ለምሳሌ ልብ፣ ያለባቸው አራት ካርታዎች አሏችሁ፤ አምስተኛው በመጨረሻው ካርታ ይመጣል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ያላያችኋቸው ካርታዎች 46 ናቸው፤ የሚጠቅሟችሁ 9 ናቸው፤ ከመቶ 20 አይሞላም። ካርታው ከመጣ በኋላ ተቃዋሚያችሁ ተጨማሪ ብዙ እንደሚከፍላችሁ ካላመናችሁ በስተቀር ጣሉት። ይህችን አንዲት ስሌት በአእምሮ መሥራት የለመደ ጀማሪ ከጠረጴዛው ግማሽ ይበልጣል፤ ግማሹ አይሠራትምና።

ሌላው የጀማሪ ፍቅር ብላፍ ነው፤ ባዶ እጅ ይዞ ሌላውን ማስፈራራት። ፊልም ያበላሸው ነገር ነው። ብላፍ የሚሠራው ካርታውን መጣል በሚችል ሰው ላይ ነው። 1 ዶላር የከፈለ ሰው ግን አይፈራም፤ «እስቲ ልየው» ብሎ ይከፍላል። በዚህ መግቢያ ላይ ገንዘብ የሚያመጣላችሁ ተቃራኒው ነው፦ ጥሩ እጅ ሲኖራችሁ አትደብቁት፤ መሃል ካለው ግማሹን ወይም ሁለት ሦስተኛውን በግልጽ አስይዙ። ይከፍሏችኋል። ሲያሰለች አውቃለሁ። ጥበብ ለማሳየት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ውድድርን ከተራው የገንዘብ ጨዋታ የሚለየው ብላይንዱ ነው፤ ካርታ ሳይታይ በየተራ የሚወጣው የግዴታ መዋጮ በየጥቂት ደቂቃው ይጨምራል። ስለዚህ ቺፓችሁን በቁጥሩ ሳይሆን ስንት ትልቅ ብላይንድ እንደሚሆን ቁጠሩት። 2,000 ቺፕ ትንሹ ብላይንድ 10፣ ትልቁ 20 ሲሆን ሀብት ነው፤ 100 እና 200 ሲሆኑ 10 ትልቅ ብላይንድ ብቻ ነው። እዚያ ስትደርሱ በጥቂቱ መጨመር ይቅር። 500 አስይዛችሁ ሌላው ያለውን ሁሉ አስይዞ ሲገፋችሁ ብትጥሉ የሀብታችሁን ሩብ ሰጣችሁ። ጥሩ እጅና ጥሩ ቦታ ሲገጥም ያላችሁን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስይዙ፤ ካልሆነ ጣሉ። ያለውን ሁሉ ቀድሞ የሚያስይዝ ሰው በሁለት መንገድ ያሸንፋል፦ ሌሎቹ ይጥሉለታል፣ ወይም ከፍለውት ካርታው ይበልጣል። የሚከፍለው ሰው ግን አንድ መንገድ ብቻ አለው።

ይህ ቀድሞ በማስያዝና በመክፈል መካከል ያለው ልዩነት ውድድሩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ እጅግ ይሰፋል፤ ጀማሪዎች የማያዩት እዚህ ጋ ነው። የውድድር ቺፕ ገንዘብ አይደለም። ለስሌት እንዲቀል ሽልማቱ 100 ዶላር ይሁን፦ ለአንደኛ 50፣ ለሁለተኛ 30፣ ለሦስተኛ 20። እኩል ቺፕ የያዛችሁ ሦስት ሰዎች ቀርታችኋል። የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 33 ዶላር ከ33 ሳንቲም ይገመታል። አንዱ ያለውን ሁሉ አስይዞ ተራው የእናንተ ሆነ። ከፍላችሁ ብትሸነፉ 20 ዶላር ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ 13.33 አጣችሁ። ብታሸንፉ ቺፓችሁ እጥፍ ይሆናል፤ ገንዘባችሁ ግን እጥፍ አይሆንም። ከቺፑ ሁለት ሦስተኛው አላችሁና አንደኛ የመሆን ዕድላችሁ ከሦስት ሁለት ነው፤ ድርሻችሁ 43.33 ይሆናል፣ ያገኛችሁት 10 ዶላር ብቻ ነው። የቀረው 3.33 የት ሄደ? ካርታውን ጥሎ እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠው ለሦስተኛው ሰው። አንድም ቺፕ ሳያስይዝ ከ33.33 ወደ 36.67 ከፍ አለ።

ስለዚህ 13.33 ለአደጋ አጋልጣችሁ 10 ለማግኘት ከመቶ ከ57 በላይ ማሸነፍ አለባችሁ፤ የብላይንዱን ጥቂት ገንዘብ ለጊዜው እንተወው። ጥንድ ስምንት ይዛችኋል፣ ተቃዋሚያችሁም አስና ንጉሡን ገልጦ አሳያችሁ እንበል። የእናንተ ዕድል ከመቶ 55 አካባቢ ነው። በቺፕ ስትቆጥሩት ክፈሉ ያሰኛል፣ በገንዘብ ስትቆጥሩት ጣሉ። እየበለጣችሁ መሆኑን በዓይናችሁ እያያችሁ እንኳ መጣል ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ዓይነት ስሌት ተጫዋቾች «አይ ሲ ኤም» ይሉታል። ሽልማት ለመግባት አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይከፋል። በዚያ ሰዓት ትልቅ ቺፕ ያለው ሰው እየገፋችሁ ከሆነ ድፍረቱ ይህን ከማወቅ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በድፍረት ለመመለስ አትቸኩሉ። ቺፑ የእናንተ ሲበዛ ደግሞ መካከለኛ ቺፕ ያላቸውን እናንተ ግፉ፤ ለመክፈል የሚቸገሩት እነርሱ ናቸውና።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። ለመማሪያ የምትለዩት ገንዘብ ቢያንስ 100 መግቢያ የሚሸፍን ይሁን፤ ለ1.10 ዶላር ውድድር 110 ዶላር ማለት ነው። ብዙ ሰው በሚሳተፍበት ውድድር ሽልማት የሚደርሰው ከመቶ ወደ 15 ሰው ነው፤ ዕድላችሁ ያን ያህል ቢሆን አሥር ውድድር ተከታትሎ ምንም ሳያገኙ የመውጣቱ ዕድል ከአምስት አንድ ነው። ይህ የችሎታ ማነስ ምልክት ሳይሆን የውድድሩ ባሕርይ ነው። 110 ዶላሩ የቤት ኪራይ ወይም ለቤተሰብ የሚላክ ከሆነ ግን ደብዳቤውን እዚህ ላይ አጥፉት። የጠፋውን ለመመለስ ወደ ትልቁ መግቢያ መዝለል ካማራችሁ፣ ወይም የምትጫወቱትን ከቤተሰብ መደበቅ ከጀመራችሁ፣ በአሜሪካ 1-800-426-2537 በነፃ ይደወላል፤ መደወል አያሳፍርም። ይህን ስልክ ቀድመው ቢደውሉት ኖሮ የምላቸው ሰዎች አውቃለሁ፤ የእኛም ልጆች አሉባቸው።

የምትመርጡት ውድድር ብላይንዱ ቀስ እያለ የሚጨምር ይሁን፤ ፈጣኑ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። በአንድ ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ክፈቱ። ሌሊት ከሥራ ደክማችሁ ስትመለሱ አትመዝገቡ፤ ውድድሩ ሰዓታት ይወስዳል፣ እንቅልፍ የያዘው ሰው ደግሞ ካርታ መጣል ይሰለቸዋል።

ብዙዎቻችሁ ከ1 ዶላሩ ወደ 3 ወይም ወደ 5 ዶላሩ መቼ እንሻገር ትሉኛላችሁ። አንድ ውድድር ስላሸነፋችሁ አይደለም። ደብተር ያዙ፤ ከእያንዳንዱ ውድድር ስትወጡ ሁለት ነገር ጻፉ፦ የመጨረሻውን ቺፕ መሃል ያስገባው ቀድሞ እናንተ ናችሁ ወይስ ሌላው ሰው አስይዞ እናንተ ከፈላችሁ፣ እጃችሁስ ምን ነበር። ሃምሳ መውጫ ከተጻፈ በኋላ አንብቡት። አብዛኛው «ከፈልኩ» የሚል ከሆነ እዚያው ቆዩ። አብዛኛው ቀድማችሁ ያስያዛችሁበት፣ ካርታውም ሲገለጥ የማያሳፍር ከሆነ፣ የ3 ዶላሩን መቶ መግቢያ ለይታችሁ ሞክሩት። ደብተሩን ግን አትተዉት፤ የ3 ዶላሩ ሰው ካርታ መጣል ጀምሯልና ያን ጊዜ ስለ ብላፍ እንደገና እንነጋገራለን።

አክባሪያችሁ