ፍሬሙን ልቀይር ወይስ ጎማውን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአሉሚኒየም ፍሬም ያለው የኮርስ ብስክሌት አለኝ። የፊት ሹካው ካርቦን ነው፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚጨብጥ ዓይነት ሲሆን ጎማዬም ባለ 23 ሚሊ ሜትር ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ስነዳ እጄ ይደነዝዛል፣ ወገቤንም ያመኛል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ከጓደኞቼ ወደ ኋላ እቀራለሁ። እነሱ አሉሚኒየም አጥንት የሚያደቅ፣ ካርቦን ንዝረትን የሚውጥ፣ ቲታኒየም ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል መሆኑን ይነግሩኛል። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለፍሬም ብቻ ስለሚበቃ ሌሎቹን ዕቃዎች ከአሮጌው ፈትቼ ወደ አዲሱ ለማዛወር አስቤአለሁ። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ አስቀድመው ጎማዎን ይቀይሩ፣ አቀማመጥዎንም ያስተካክሉ፤ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለጊዜው አይንኩት። ይህን የምለው ፍሬም ለውጥ አያመጣም በማለት ሳይሆን፣ የነገሩን ችግሮች መነሻቸው ሌላ ቦታ ስለሚመስለኝ ነው።

ከመንገዱ እስከ ወገብዎ ድረስ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬም፣ የኮርቻ ዘንግና ኮርቻ ተከታትለው ይገኛሉ፤ ንዝረቱን በብዛት የሚቀበለውም ከእነዚህ መካከል በቀላሉ የሚረግበው ክፍል ነው። ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችን አጋጥሞ የተሠራ የተለመደ ፍሬም፣ ከየትኛውም ቁስ ቢሠራ፣ ከላይ ወደ ታች ሲጫኑት የሚረግበው እጅግ ጥቂት ነው፤ በአየር የተሞላ ጎማ ግን በበርካታ ሚሊ ሜትር ይጨመቃል። ስለዚህ በ8 ባር ግፊት የተወጠረ ባለ 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ተቀምጦ የፍሬሙን ቁስ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ብስክሌትዎ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ከሆነ ይህንኑ ይግጠሙ፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግፊቱ ወደ 5 ባር ቢወርድ ይበቃል። ፍሬኑ ወይም ሹካው ቦታ ከከለከለ ባለ 25 ሚሊ ሜትሩም ቢሆን የሚሰማ ለውጥ ያመጣል፤ ነገር ግን ከመግዛትዎ በፊት በጎማውና በፍሬሙ መካከል በእያንዳንዱ ጎን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንደሚተርፍ ለክተው ያረጋግጡ። ሰፊ ጎማ ያዘገያል የሚለው ስጋት አያሳስብዎ፤ በእኩል ግፊት ሰፊው ጎማ መንገዱን የሚነካበት ገጽ አጭርና ሰፊ ስለሚሆን፣ ጎማው በሚሽከረከርበት ጊዜ የሚታጠፈው በመጠኑ ነው፤ በዚህም ምክንያት የሚያባክነው ጉልበት ያነሰ ይሆናል።

የእጅ መደንዘዝና የወገብ ሕመም አብረው ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁሙት መሪው ከኮርቻው አንጻር መራቁን ወይም ዝቅ ማለቱን ነው። የሰውነት ክብደት ወደ መዳፍ ሲያጋድል የእጅ ነርቭ ይጫናል፤ ወገብም ያለ ዕረፍት እንደተዘረጋ ይቆያል። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ካዘነበለ ደረጃውን ያስተካክሉ፤ መሪውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉ፤ አስፈላጊ ከሆነም መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያይዘውን ክፍል በአጭር ይተኩ። ይህ ካልተስተካከለ ችግሩ ወደ አዲሱ የካርቦን ፍሬምም ይከተልዎታል።

አሁን ወደ ቁሶቹ እንመለስ፤ ነገሩ ከሚወራው በላይ አስደሳች ነው። አንድ ሊትር ቦታ የሚሞላ ብረት ወደ 7.8 ኪሎ፣ ቲታኒየም ወደ 4.5 ኪሎ፣ አሉሚኒየም ደግሞ 2.7 ኪሎ ይመዝናል። ግትርነታቸውም በዚሁ ልክ ይቀንሳል፤ ቲታኒየም የብረትን ግማሽ፣ አሉሚኒየም ደግሞ አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይግተራል። ስለዚህ ክብደት ከግትርነት ጋር ሲነጻጸር ሦስቱ ብረታ ብረቶች እኩል ለእኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ሠሪው ቧንቧውን ምን ያህል እንዳሰፋውና ግድግዳውን ምን ያህል እንዳሳሳው ነው። የግድግዳው ውፍረት ሳይቀየር የቧንቧው ዲያሜትር በ10 በመቶ ቢሰፋ፣ ቧንቧው እንዳይታጠፍ የሚያሳየው ተቃውሞ በ33 በመቶ ያድጋል። አየርላንዳዊው ሾን ኬሊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተወዳደረበት ቪተስ 979 የተባለው ብስክሌት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቧንቧዎች ነበሩት፤ ይታማ የነበረውም በግትርነቱ ሳይሆን በልልነቱ ነበር። አሉሚኒየም አጥንት ያደቃል የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ሠሪዎች ቧንቧውን እጅግ ሲያሰፉት ነው፤ ወቀሳው ለቧንቧው ቅርጽ እንጂ ለቁሱ የሚገባ አይደለም።

ዕድሜን በተመለከተ ጓደኞችዎ የተናገሩት በከፊል እውነት ነው። ብረትና ቲታኒየም ከተወሰነ ጫና በታች እስከሠሩ ድረስ በመደጋገም ብዛት አይዝሉም፤ አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለውም፤ አነስተኛ ጫናም ቢሆን ቀስ በቀስ ይጠራቀምበታል። ጠንቃቃ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ቧንቧውን ከሚያስፈልገው በላይ ያጠነክሩታል፤ ስለሆነም በወጉ የተሠራ የአሉሚኒየም ፍሬም ለረጅም ዓመታት ያገለግላል። እርስዎ በየጊዜው ሊመለከቱ የሚገባዎ የብየዳ ቦታዎችን ነው፤ በተለይ ፔዳሉ በሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ዙሪያና የፊቱ ቧንቧ ከታችኛው ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ቀለሙ በቀጭን መስመር ከተሰነጠቀ ብስክሌቱን አይንዱት። ብዙዎቹ የአሉሚኒየም ቅይጦች ከብየዳ በኋላ ጥንካሬያቸው እንዲመለስ በምድጃ መታከም ስላለባቸው፣ የተሰነጠቀውን መጠገን አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። ቲታኒየም በበኩሉ ዝገት አይነካውም፤ ነገር ግን ሲበየድ ከአየር ካልተከለለ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ስቦ ተሰባሪ ይሆናል። ዕድሜ ልክ ማገልገሉ በበያጁ እጅ የሚወሰን በመሆኑ፣ ማን እንደሠራው በማይታወቅ ርካሽ የቲታኒየም ፍሬም ላይ ገንዘብዎን እንዲያወጡ አልመክርም።

ካርቦን ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ጥንካሬው በተሠራባቸው የካርቦን ክሮች አቅጣጫ ስለሚወሰን ነው። ሠሪው በአንዱ በኩል ግትር፣ በሌላው በኩል ለስላሳ አድርጎ ሊያነባብረው ይችላል፤ ስለዚህ ካርቦን የሚለው ስም ብቻውን ስለ ምቾት ምንም አይነግርዎትም። ሚጌል ኢንዱራይን እ.ኤ.አ. የ1994ን የፈረንሳይ ዙር በብረት፣ ማርኮ ፓንታኒ የ1998ን በአሉሚኒየም ፍሬም አሸንፈዋል፤ ዛሬ ትልልቅ ቡድኖች ካርቦንን የሚመርጡት ቀላል ከመሆኑም በላይ አየርን ለመሰንጠቅ የሚመች ቅርጽ በነፃነት ሊሰጡት ስለሚችሉ ነው። ድክመቱ ከጎን የሚመጣ ድንገተኛ ምትና ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ነው። የኮርቻውን ዘንግ የሚይዘው ብሎን በአብዛኛው ከ5 ኒውተን ሜትር ያህል በላይ መጥበቅ ስለሌለበት፣ ጥብቀትን የሚለካ መፍቻ ሳይኖርዎ ካርቦን አይግዙ። ጉዳቱ ከቀለሙ በታች ተሰውሮ ሊቆይ ስለሚችልም ታሪኩን የማያውቁትን አገልግሎት ላይ የዋለ የካርቦን ፍሬም ይራቁ።

የዳገቱን ጉዳይ በቁጥር እንየው። እርስዎና ብስክሌትዎ በአንድነት 80 ኪሎ ብትመዝኑና አዲሱ ፍሬም ግማሽ ኪሎ ቢቀንስልዎ፣ በ40 ደቂቃ በሚወጡት ቀጥ ያለ ዳገት ላይ የሚያተርፉት ጊዜ 15 ሰከንድ ገደማ ነው። ከጓደኞችዎ የሚያስቀርዎ ይህ አይመስለኝም። ከፊት ትንሹ የጥርስ ክብ ባለ 39 ጥርስ ከሆነ፣ የፔዳሉ ክንድ የሚቀበል ሲሆን ባለ 34 በሆነ መተካት፣ ወይም የኋላው ማርሽ የሚፈቅድ ከሆነ ከኋላ ትልቁን ክብ ባለ 30 ወይም ባለ 32 ጥርስ ማድረግ፣ እግርዎ ሳይዝል ፔዳሉን እኩል እየመቱ እንዲወጡ ያስችልዎታል፤ ወጪውም ከፍሬም ጋር አይነጻጸርም።

በመጨረሻ የሚያሳስበኝ ዕቃውን ለማዛወር ያሰቡት ነገር ነው። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ፍሬሞች የተሠሩት ለዲስክ ፍሬን ነው፤ የኋላ ቸርኬ የሚገባበት ስፋታቸውም 142 ሚሊ ሜትር ሆኖ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ያልፍበታል። የእርስዎ የኋላ ቸርኬ የሚፈልገው ስፋት ግን 130 ሚሊ ሜትር መሆኑ አይቀርም። ቸርኬው፣ ፍሬኑና ብዙውን ጊዜ የፍሬን እጀታዎቹ አይዛወሩም፤ የፔዳሉ ኩሽኔታና የኮርቻው ዘንግም ላይገጥሙ ይችላሉ። ፍሬም ገዛሁ ብለው ጀምረው ሙሉ ብስክሌት ለመግዛት ይገደዳሉ። የምር ለመቀየር ጊዜው ሲደርስ ሙሉ ብስክሌት ይግዙ፤ ሲመርጡም መጀመሪያ ልኩ ከቁመናዎ ጋር መስማማቱን፣ ቀጥሎ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ ማስገባቱን፣ ከዚያም የፔዳሉ ኩሽኔታ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚጠብቅ መሆኑን ይመልከቱ፤ ቁሱ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ከተራ የካርቦን ፍሬም ይልቅ ጥሩ የአሉሚኒየም ፍሬም ከተሻሉ ቸርኬዎች ጋር እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሬይኖልድስ 531 የሚል ጽሑፍ ያለበት አሮጌ የብረት ፍሬም አግኝቻለሁ። አድሼ ብነዳው ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ሬይኖልድስ 531 እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የተሠራ፣ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ምርጥ የብረት ቧንቧ ነው፤ ያልዛገና ያልተጣመመ ከሆነ ድካምዎን ይክሳል። የኋላው ስፋት 126 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ ብረት በመሆኑ ልምድ ያለው ባለሙያ ወደ 130 ሊያሰፋው ይችላል፤ ይህ በአሉሚኒየምና በካርቦን ላይ ፈጽሞ የማይሞከር ነው። ነገር ግን ወጪ ከመጀመርዎ በፊት የኮርቻውን ዘንግና መሪውን ለመንቀል ይሞክሩ። በብረት ቧንቧ ውስጥ ለዓመታት የቆየ የአሉሚኒየም ዘንግ በዝገት ተጣብቆ ይገኛል፤ ዘልቆ የሚገባ ዘይት አፍስሰውበት ለጥቂት ቀናት ቆይተው ካልተንቀሳቀሰ፣ ለባለሙያ አሳይተው ቁርጡን ሳያውቁ አንድም ዕቃ አይግዙለት።