የገናን ቸኮሌት በጾም መቅመስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። በየዓመቱ ለገና ለእኅቶቼ ልጆችና ለጎረቤት ቸኮሌት እሰጣለሁ። ዘንድሮ የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ከከዚራ ሱቆችና ከታይዋን ገበያ አምስት ዓይነት ገዛሁ። አራቱ ወተት ያለባቸው ናቸው፣ አንዱ ጥቁር ነው። ከባለ ወተቶቹ ሁለቱን ከፍቼ ከጫፋቸው ቀመስኩ። አንዱን ዋጥኩት፣ ሌላውን ተፋሁት። የሥራ ባልደረባዬ «ቸኮሌት ከረሜላ ነው እንጂ ምግብ አይደለም፣ ምንም አይልም» ብላኛለች። ልቤ ግን አላረፈም። ጾሜን ገድፌአለሁ? ጥቁሩስ የጾም ነው? ሙስሊም ጎረቤቴ ቸኮሌት ስትሰጠኝስ ምን ልበል?

መልስ፦ ልጄ፣ ልብሽ አለማረፉ ደስ ብሎኛል። ባይከነክንሽ ኖሮ አትጠይቂም ነበር።

ያለንበት ጾም ጾመ ነቢያት ነው። ኅዳር 15 ይገባል፣ በገና ይፈታል። ነቢያት የጌታን መወለድ በተስፋ እንደጠበቁ እኛም እየጠበቅን እንጾመዋለን። ሱቁ ግን ከእኛ ይቀድማል። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 አካባቢ ስለሚውል፣ ኅዳር ሳያልቅ መደርደሪያው በሚያብረቀርቅ ካርቶን ይሞላል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። ሰው የደንገጎን ዳገት በእግሩ ሲወጣ በኪሱ የሚይዘው ቆሎ ነው፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ወተትና ስኳሩ ይጠብቀዋል። ፈተናው እንዳለ አውቃለሁ፣ አልፈርድብሽም።

አሁን ወደ ባልደረባሽ ነገር እንምጣ። ቸኮሌት ምግብ አይደለም የሚባለው አያስኬድም። ቤተ ክርስቲያን በጾም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትብሉ ስትል ወተቱ በምን መልክ እንደመጣ አትለይም። በብርጭቆ ቢቀርብም፣ ዱቄት ሆኖ ከካካዎ ጋር ቢደባለቅም ወተት ነው። አባቶቻችን ቸኮሌትን በስሙ ያልጠሩት ስላልነበረ ነው። ባለ ወተት ቸኮሌት ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠራው በፈረንጆች 1875 ነው። ወተትን ግን በስሙ ጠርተውታል።

የገዛሻቸውን እስቲ ገልብጠሽ እያቸው። በእኛ ከተማ ከሚሸጠው ብዙው ጀርባው ላይ በዐረብኛ ተጽፎበታል። ማንበብ ካልቻልሽ ጎረቤትሽን ጠይቂያት፣ «ሐሊብ» የሚል ታገኝልሻለች። ይህ ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም። በግእዝም ወተት ሐሊብ ነው፤ የርስቲቱ ምድር «ሐሊብ ወመዓር» የሚፈስባት ናት ሲባል የምንሰማው ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ «ሚልክ» ብቻ አትፈልጊ። «ዌይ» የሚለው አጓት ነው፣ እርጎው ተንጦ አይብ ሲወጣለት የሚቀረውን ታውቂዋለሽ። «ላክቶስ» ደግሞ የወተት ስኳር ነው። ነጭ ቸኮሌትም ቢሆን ወተት አለው። «ኮኮዋ በተር» የሚለውን አይተሽ ግን አትደንግጪ፤ ስሙ ቅቤ ይባል እንጂ ከካካዎ ፍሬ የሚወጣ የተክል ስብ ነው።

ስለዚህ ጥቁሩ ወተት ከሌለበት የጾም ነው። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ግን አትተማመኚበት፣ ወተት ወይም የወተት ቅቤ የሚጨመርበት ጥቁርም አለ። አንዳንዱ ላይ «የወተት ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ በአንድ ማሽን ሁለቱም ስለሚሠሩ፣ ወተት ለማይስማማቸው ሰዎች የሚደረግ ማስጠንቀቂያ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ብቻውን ቸኮሌቱን የፍስክ አያደርገውም። ካልተዋጠልሽ ተዪው፣ የንስሐ አባትሽንም አማክሪ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የጾም የሆነውም ቢሆን የምትፈቺበት ሰዓት ሳይደርስ አይበላም። ነቢዩ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሲጾም «ማለፊያ እንጀራ አልበላሁም» ይላል (ዳን. 10፥3)። የተወው ሥጋና ጠጅን ብቻ አልነበረም፣ የሚጥመውንም ነበር። ሳጥን ሙሉ ጥቁር ቸኮሌት እየበላን ጾምን ብንል ወተት አልነካንም፣ ያ እውነት ነው። ግን ምላሳችን ምኑን ጠበቀ?

ስለ መቅመስ ስታነሺ እናቴ ትዝ አለችኝ። የገና ዋዜማ ሌሊት ዶሮው ይንተከተካል። ክዳኑን ከፈት ታደርግና በእጇ እንፋሎቱን ወደ አፍንጫዋ ትስባለች። ጨው ያንሰዋል መሰለኝ ትላለች፣ ግን አትቀምስም። ትንሹን ወንድማችንን ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለች። ጭልፋውን እፍ ብላ አቀዝቅዛ ጠብ ታደርግለታለች። ዐይኑን እንደጨፈነ «ልኩ ነው» ይላል፣ መልሶ ይተኛል። ዶሮውን ራሷ ቆርጣ፣ ዐሥራ ሁለቱን ብልት አጥባ፣ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ ሌሊቱን ሙሉ በወጡ ሽታ መካከል ቆማ፣ ጠብታ አፏ አይገባም ነበር። ከቅዳሴ መልስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትጎርስ ፊቷን ማየት ነበር!

አየሽ፣ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። ማወዳደር ካለብሽ ጾም ያልደረሱት የእኅትሽ ልጆች ይቅመሱልሽ። ቸኮሌቱ ለእነሱ አይደል? ከአንቺ ይልቅ እነሱ ያውቁበታል። ጎረቤትሽም ደስ ብሏት ትቀምስልሻለች።

ገድፌአለሁ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ የዋጥሽው ጾምሽን አስገድፎሻል። የተፋሽውም ቢሆን መቅመስ ነው፣ ጣዕሙን ፈልገሽ ነውና። ይህን የምልሽ እንድትሸማቀቂ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ እንዲሁ እንደጻፍሽልኝ ንገሪያቸው፤ ቀኖና ቢሰጡሽ በደስታ ተቀበዪ። «አንዴ ገድፌዋለሁ» ብለሽ የቀረውን ጾም እንዳትተዪው ብቻ አደራ። ብዙ ወጣት የሚሸነፈው በመጀመሪያዋ ቁራሽ አይደለም፣ በዚህች አባባል ነው።

የጎረቤትሽ ጉዳይ ቀላል ነው። ድሬ ነው ያለሽው። እሷ ረመዳንን ትጾማለች፣ ጾም ምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ አመስግኚ። «ጾም ላይ ነኝ፣ ለገና አስቀምጠዋለሁ» በያት። የሚያስቀይመው አልፈልግም ብሎ ፊት ማዞር ነው። ተቀብለሽ በድብቅ ብትበዪው ደግሞ እሷንም ራስሽንም ታታልያለሽ።

ያልተከፈቱትን ሣጥኖች ከመስኮት አርቂያቸው። የእኛ ሙቀት ቸኮሌት ያቀልጣል፤ ቀልጦ ሲረጋ ላዩ ነጣ ይላል። ሻጋታ መስሎሽ እንዳትጥይው፣ ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ነው። የከፈትሻቸውን ሁለቱን ዛሬውኑ ለልጆቹ ስጪ፣ ቤት ውስጥ ተከፍተው ሲጠብቁሽ አይደሩ። ሌሎቹን ከገና ቅዳሴ ስትመለሺ ክፈቺ፤ የመጀመሪያውን ሣጥን ለጎረቤትሽ ውሰጂላት፣ ያን ቀን አብረሻት ቅመሺ።