የአይጥ ዛይጎት ላይ ሴንትሪዮል ለጠፋብሽ እህት፤ አንቲቦዲውን አትውቀሺው

እህቴ፣ «ከወንዴው ዘር ጋር ገብቶ የጽንሱ ሴንትሮሶም ይሆናል የተባለው ሴንትሪዮል የአይጥ ዛይጎት ላይ አልታይ አለኝ፤ አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆን?» ያልሽውን ሳነብ የራሴ ሰባት ወር ትዝ አለኝ። (ለአዲስ አንባቢ፦ ዛይጎት ከወንዴው ዘር ጋር የተዋሃደ እንቁላል ነው፤ ሴንትሪዮል በሴል ውስጥ ያለ ትንሽ በርሜል መሰል አካል፣ ሴንትሮሶም ደግሞ እሱና በዙሪያው የሚሰበሰበው ፕሮቲን፤ አንቲቦዲው የምንፈልገው ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ የሚያደርገው ማቅለሚያ።) ሌላ ለማዘዝ ፎርም እየሞላሽ ከሆነ እስክሪብቶውን አስቀምጪ።

1. የአይጥ ዛይጎት ሴንትሪዮል የለውም። አልተደበቀም፣ ማቅለሚያውም አልከሸፈም፤ የለም። እንቁላሏ እያደገች ሳለ የራሷን ሴንትሪዮል ትጥላለች፣ ወንዴው ዘር ደግሞ የእሱን ይዞ ይገባል፣ በዙሪያው የሚሰበሰበውን ፕሮቲን እንቁላሏ ታዋጣለች የሚለው ትምህርት ለእንቁራሪት፣ ለላም፣ ለሰውም ይሠራል። የአይጥ ወንዴ ዘር ግን ገና ሲበስል ሁለቱንም ሴንትሪዮሎቹን ያፈርሳቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ክፍፍሎች ያለ ሴንትሪዮል ይካሄዳሉ፤ ማይክሮቱቡሎቹን (የሴሉን ቀጫጭን የፕሮቲን ቱቦዎች) የሚያበቅሉት በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ የተበተኑ የፔሪሴንትሪንና የጋማ-ቱቡሊን ፕሮቲኖች ክምችቶች ናቸው። ሴንትሪዮል የሚታየው ጽንሱ ወደ ብላስቶሲስት (በፈሳሽ የተሞላ የሴሎች ኳስ) ሲቃረብ ነው፤ ያኔም ከባዶ ተሠርቶ።

2. ጋማ-ቱቡሊን ነጠብጣብ ስላሳየሽ ሴንትሪዮል አገኘሁ እንዳትዪ። እኔ ብዬ ነበር! ስክሪኑ ላይ የሚያበራ ነገር አይቼ በላብ ስብሰባ ላይ ደረቴን ነፍቼ አቀረብኩ። አንዲት ጀማሪ ተማሪ «ሴንትሪንስ አየህበት?» አለችኝ። ሴንትሪን (ሴንትሪዮሉ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን) ላይ ጨለማ ነበር። እኔ ግን በእልህ አንቲቦዲው ነው ጥፋተኛው አልኩ፤ ሁለተኛ አዘዝኩ፣ ሦስተኛም። የግዢ ክፍሉ ሰውዬ ቅጹን ቀና ብሎ ሳያይ «ያለፈውን ምን በላው?» ብሎ ወረወረልኝ። ማይክሮስኮፕ ክፍል ያለው ባለሙያ ደግሞ በሰው ፊት «ባዶ ናሙና እያመጣህ ሰዓት አታባክን» አለኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ግን ናሙናው እውነትም ባዶ ነበር።

3. ይኸው ነው ዋናው፦ ኮንትሮል፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ማነጻጸሪያ ናሙና። ተራ የአይጥ ፋይብሮብላስት (የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴል) በዚያው ቀን፣ በዚያው አንቲቦዲ ብቀባ ኖሮ እንደ ሴሉ ዑደት ሁለት ወይም አራት ጥርት ያሉ ነጥቦች አይቼ በማግስቱ እገላገል ነበር። ሳደርገው ሰባተኛው ወር ላይ ነበር፤ ሁለቱ ነጥቦች ሲያፈጡብኝ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

የወንዴው ዘር ሴንትሪዮል ሴንትሮሶም ሲሆን ማየት ከፈለግሽ እንስሳውን ቀይሪ። ጀርመናዊው የሴል ተመራማሪ ቦቬሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲ ኧርቺን የሚሏትን እሾሃማ የባሕር እንስሳ የመረጠው በከንቱ አልነበረም። እንቁላሏ ብርሃን ታሳልፋለች፤ ወንዴው ዘር ከገባ በኋላ ማይክሮቱቡሎቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ዘርግተው የእንቁላሏን ኒውክለስ ሲያቀርቡት ታያለሽ። ሁለት ወንዴ ዘሮች አብረው ከገቡ ስፒንድሉ (ክሮሞዞሞቹን የሚያከፋፍለው የማይክሮቱቡል መዋቅር) ባለ አራት ዋልታ ይሆናል፣ ክሮሞዞሞቹም በየአቅጣጫው ተበትነው ጽንሱ ይበላሻል። እንቁላሏ የራሷን ሴንትሪዮል ቀድማ የምትጥለው ለዚሁ ይመስለኛል፤ ብታስቀምጠው ቁጥሩ ይበዛባታል። (ያለ ወንድ የሚራቡ አንዳንድ ተርቦች ግን ወንዴ ዘር ሳይጠብቁ እንቁላሏ ውስጥ ከባዶ ይሠሩታል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ቢቀድም ኖሮ ያቺን ተማሪ በነገር እይዛት ነበር።)

ሰውን ካነሳሽ ደግሞ በወንዴው ዘር ውስጥ አንዱ ሴንትሪዮል ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው እንደጠፋ ሲነገር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ቅርፁን ቀይሮ እንዳለ አሳየ።

እኔ በመጨረሻ ያቺን «ባዶ» ናሙና ከፋይብሮብላስቱ ጎን አሰልፌ፣ ከብላስቶሲስቱም ጋር አድርጌ አቀረብኳት። ያው የማይክሮስኮፕ ባለሙያ አንዱን ምስል ለጀማሪዎች ማሠልጠኛ ለመነኝ፤ ሰጠሁት፣ ግን ሦስት ቀን አስጠብቄ። ስላይዶቹን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ጥቁሮቹን ምስሎችም አልደመሰስኳቸውም።