የአባቴን ኮዳ ልወልውለው?

ጥያቄ፦ የፒያሳ ልጅ ነኝ። የአባቴን የአሉሚኒየም የወታደር ኮዳ ለሙዚየም ልሰጥ አስቤያለሁ። ጎኑ ተሰርጉዷል፣ አንገቱ ላይም ነጭ ዱቄት አውጥቷል፤ በአመድና በሽቦ ፈትጌ ላብራው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! አሉሚኒየም አየር ሲነካው ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ በራሱ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ቢሆንም ዋና ጋሻው እሱ ነው። ሽቦ ይፍቀዋል፣ የአመድ ውሃ ያሟሟዋል። እኔ የእናቴን ድስት እንዲያ ፈትጌ አጥቁሬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። ለመስኮት ፍሬም የሚደረገው አኖዳይዚንግ ይህንኑ ሽፋን በኤሌክትሪክ ከ5 እስከ 25 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ያደርሰዋል፤ ለኮዳዎ ግን አይሆንም፣ መልኩን ይቀይረዋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርገው በደረቅ ነጭ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ጎኑ እንዴት እንደተሰረጎደ፣ አባትዎ የት እንደዘመቱበት ደግሞ በወረቀት ይጻፉና አብረው ይስጡ፤ ጎብኚ ቆሞ የሚያነበው እሱን ነው።