የአንባቢያን ጥያቄ፦ በጎደለ ጣት ጊታር መጫወት

ጥያቄ፦ «ብረታ ብረት ቤት ስሠራ ማሽን የግራ እጄን የመሀልና የቀለበት ጣት ጫፍ ወሰደብኝ። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል። ከዚያ በፊት ቦክስ ጊታር እጫወት ነበር። እንደኔው ጣቱ ተቆርጦ ስመ ጥር የሆነ የሮክ ጊታሪስት አለ ይባላል፤ እውነት ነው? እንዴትስ ቻለ?» (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እውነት ነው። ሰውየው የብላክ ሳባት ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ነው። በ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ተወለደ። በ17 ዓመቱ በቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ፣ ያውም ሥራውን በሚለቅበት በመጨረሻው ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን የመሀልና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠበት። አዮሚ ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ልክ እንደ እርስዎ ነው። ተስፋ ቆርጦ ሳለ የፋብሪካው አለቃ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ጃንጎ በ1928 በእሳት ቃጠሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከተጎዱ በኋላ በቀሩት ሁለቱ ጣቶች ሶሎ ይጫወት የነበረ የጃዝ ጊታሪስት ነው።

አዮሚ የጣት ቆብ ለራሱ ሠራ። የሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ድቡልቡል አደረገው፤ ሲቀዘቅዝ በጋለ ብረት በሳው፤ ጣቱ ልክ እስኪገባበት ሞረደው፤ ከላይ ከአሮጌ ጃኬት የቆረጠውን ቆዳ ለጠፈበት። ቆዳው ለጌጥ አይደለም፤ ባዶ ፕላስቲክ ክር ላይ ይንሸራተታል፣ ክሩን ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ማቅጠንም አይቻልም። ቆዳው ሲወፍር ክሩ አይያዝም፣ ሲሳሳ ደግሞ ቶሎ ይበሳል። እርስዎ ከሞከሩት ለጓንት የሚሆን ስስ የበግ ቆዳ ይምረጡ። ፕላስቲክ ማቅለጥ ካለብዎ በደጅ ይሁን፤ ጭሱ ይጎዳል፤ ጣትዎንም ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አያስገቡ። ቆቡ ከጠበበ ደም ያግዳል፤ ከሰፋ በላብ ይሾልካል፤ ለዚህ ጣቱ ላይ አንድ ዙር የቁስል ፕላስተር መጠቅለል ይበቃል። ከጤነኛው ጣት ቁመት እንዳያልፍም ይጠንቀቁ፤ ከረዘመ አጠገቡ ያለውን ክር እየነካ ያፍነዋል። ጫፉን ሲነኩት እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነ ነርቭ ነውና ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ይየው።

ቆቡ ግን የመፍትሔው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ክሩ ነው። በዚያን ጊዜ ቀጭን የጊታር ክር ስብስብ በቀላሉ ስለማይገኝ አዮሚ የባንጆ (ጊታር መሰል የክር መሣሪያ) ክር እየገዛ ጊታሩ ላይ ይወጥር ነበር። በእርስዎ ቦክስ ጊታር ላይ ያለው የቀጭኗ ክር ውፍረት ምናልባት 0.012 ኢንች ነው። በ0.010 ቢለውጡት፣ ቅኝቱ ሳይነካ የቀጭኗ ክር ውጥረት 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ድምፁ ትንሽ ይሳሳል፤ ጣትዎ ግን ያርፋል።

ቀጥሎ ቅኝቱን ማውረድ አለ። በ1971 በወጣው የብላክ ሳባት ሦስተኛ አልበም ላይ አዮሚ በአንዳንድ ዘፈኖች ጊታሩን ሦስት ግማሽ ድምፅ አወረደው፤ ወፍራሙ የሚ ክር ዶ ዲየዝ (ከዶ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው) ሆነ። ይህ ብቻውን ውጥረቱን 29 በመቶ ያህል ያቀለዋል። ዛሬ ሄቪ ሜታል የሚባለው ያ የከበደ ድምፅ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው፤ ለታመመ እጅ ተብሎ የላላ ክር የአንድ የሙዚቃ ዘርፍ መለያ ሆነ። ክሩንም አቅጥነው ቅኝቱንም አውርደው ከመጠን በላይ ከላላ ግን ሲጫኑት ከቅኝቱ ከፍ ይላል፣ ፍሬቱንም (አንገቱ ላይ ያለውን የብረት መስመር) እየመታ ይንዘረዘራል። የአንገቱ ውጥረት ሲቀንስ አንገቱ ስለሚቀና ክሩ ወደ ፍሬቶቹ ይቀርባል። አንገቱ ውስጥ ማስተካከያ ዘንግ ካለ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ አላልተው አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ከዚያ በኋላ ነው መፍረድ ያለብዎት። ከኪቦርድ ጋር የሚጫወቱ ከሆነ ኪቦርዱን በትራንስፖዝ (ቅኝት መቀየሪያው) ሦስት ግማሽ ድምፅ ያውርዱት፤ ቤዝ ጊታሪስቱም አብሮ ይውረድ።

ለጊዜው ቆብ ሳይኖር በጠቋሚና በትንሿ ጣት ብቻ ፓወር ኮርድ ይያዙ። ዋናው ድምፅና አምስተኛው ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ጤነኛ ጣቶች ይበቁታል።

ጥያቄ፦ «ልጄ ግራኝ ናት። ጂሚ ሄንድሪክስ የቀኝ ጊታር ገልብጦ ይጫወት ነበር ሲባል ሰምተን ክሮቹን ገልብጠን ብንወጥራቸው ይጮሃል፣ ቅኝቱም አይገጥምም። ምንድን ነው?» (ከደሴ)

መልስ፦ አሜሪካዊው የሮክ ጊታሪስት ሄንድሪክስ የተጠቀመበት ስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ ገላ ላይ የሚያርፉበት ድልድይ) ላይ እያንዳንዱ ክር ለብቻው በብሎን ይስተካከላል። ቦክስ ጊታር እንዲህ አይደለም። በአንገቱ ጫፍ ያሉት ስንጥቆች በክሩ ውፍረት የተሞረዱ ናቸው፤ ቀጭኑ ክር ሰፊው ውስጥ ሰምጦ ይንዘረዘራል፣ ወፍራሙ ደግሞ ጠባቡ ውስጥ አይገባም። በብሪጁ ላይ ያለው አጥንትም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ሲገለበጥ ላይኞቹ ፍሬቶች ይሳሳታሉ። አዲስ የጫፍ አጥንት ያስሞርዱላት፤ የብሪጁን ግን ባለሙያ ብቻ ይንካው። ጀማሪ ከሆነች በቀኝ እንድትለምድ አያስገድዷት።

ጥያቄ፦ «በባቲና በአምባሰል ቅኝት ሮክ ይሆናል? ዲስቶርሽን ስከፍት ይበላሽብኛል።» (ከባቲ)

መልስ፦ ይሆናል። ባቲ ማይነር በላ ሲጀመር ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው፤ የሮክ ሶሎ አብዛኛው በእነዚሁ አምስት ድምፆች ይሠራል፣ የአዮሚም የሄንድሪክስም። ያገርዎ ቅኝት ጣትዎ ውስጥ ካለ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። የሚበላሽብዎ ሙሉ ኮርድ ስለሚመቱ ነው፤ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው መሣሪያ) የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ ያደፈርሰዋል። ፓወር ኮርድ ይምቱ፤ በላ፣ በዶ፣ በሬና በሶል ላይ አምስተኛው ከቅኝቱ ውስጥ ነው፣ በሚ ላይ ግን ሲ ይገባና ከቅኝቱ ይወጣሉ። አምባሰል (ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል፤ ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው) ጠበቅ ይላል፤ ፓወር ኮርድ የሚገጥመው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች ላይ ብቻ ነው። በሶልና በላ ቤሞል ላይ ነጠላ ድምፅ ይምቱ። አንቺሆዬንም ይሞክሩት፤ ከዶ እስከ ሶል ቤሞል ያለው ርቀት ብላክ ሳባት በ1970 በመጀመሪያው አልበሙ መክፈቻ ዘፈን ላይ የተጠቀመበት ያው ርቀት ነው።