የአክስቴን ልጅ ታኮማ አስረውታል፤ ሰልፍ እንውጣ ወይስ ዝም እንበል?

ጥያቄ፦ ሲያትል አካባቢ የሚገኝ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። የአክስቴ ልጅ በ2023 በሜክሲኮ በኩል ገባ። ድንበር ላይ ያዙትና ወረቀት ሰጥተው ለቀቁት። አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቋል፣ ወርክ ፐርሚት አለው፣ ፓርኪንግ ይሠራል። አንድም ቀጠሮ አላጎደለም። ባለፈው ወር ለተለመደው ቀጠሮ እንደሄደ እዚያው አስቀሩት። አሁን ታኮማ ያለው የስደተኞች እስር ቤት ውስጥ ነው። ዕድሩ ተሰብስቦ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ ሰልፍ እንውጣ፣ ፎቶውን ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው፣ እስር ቤቱ ራሱ ይዘጋ እንበል ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ መንግሥትን አታስቆጡብን፣ ልጁን ያባርሩታል፣ የእኛንም ግሪን ካርድ ይነጥቁናል ይላሉ። ገንዘብ አዋጥተናል። ቦንድ (የዋስትና ገንዘብ) ከፍለን ማስፈታት እንችላለን? የትኛው ወገን ነው ትክክል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዜር ያስፈታላችሁ። ወጣቶቹም ሽማግሌዎቹም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የልጁ መዝገብና የእናንተ ዘመቻ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በአንድ ድስት አታብስሏቸው። አንዱ ሌላውን ሊጠቅም ይችላል፤ ሊያበላሸውም ይችላል።

ከመዝገቡ ልጀምር። ከሰልፉም ከብሩም በፊት አንድ ነገር ፈልጉልኝ፦ ድንበር ላይ ሲለቁት የሰጡትን ወረቀት። መኖሪያው ውስጥ፣ አልጋው ሥር፣ ሻንጣው ውስጥ ይኖራል። ኤን ቲ ኤ የሚባለው የክስ ወረቀት ላይ ምልክት የሚደረግባቸው ሦስት ሣጥኖች አሉ። አንዱ “መግቢያ በር ላይ የቀረበ” እንደማለት ነው። ሌላው “ሳይፈቀድለት ገብቶ የተገኘ” ይላል። የትኛው ላይ ምልክት እንዳለ እዩ። አይ 220ኤ የሚል ቁጥር ያለበት ወረቀትም ካለ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት። በራሱ ቃል ኪዳን እንደተለቀቀ የሚያሳይ ወረቀት ነው። እንዲህ የምጨቀጭቃችሁ፣ ቦንድ ይጠየቅ አይጠየቅ የሚወሰነው ባብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። መግቢያ በር ላይ የቀረበ ሰው የኢሚግሬሽን ዳኛ ቦንድ ሊሰጠው ሥልጣን የለውም፤ ያለው መንገድ ፓሮል የሚባለው ጊዜያዊ መለቀቅ ነው፣ እሱም አይስ በሚባለው የኢሚግሬሽን አሳሪ መሥሪያ ቤት እጅ ነው።

ሳይፈቀድለት የገባ ሰው ግን ለብዙ ዓመታት ዳኛ ፊት ቀርቦ ቦንድ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ ይህን በር ዘጋው። ያለ ፍተሻ የገባ ሰው፣ አገር ውስጥ አሥር ዓመት ቢኖርም፣ ዳኛው ቦንድ ሊሰጠው አይችልም አለ። በዚያው ወር መጨረሻ ታኮማ ያለው ፌደራል ፍርድ ቤት በአንድ የቡድን ክስ ላይ ተቃራኒውን ወሰነ፤ ታኮማ ታስረው ለነበሩት የቡድኑ አባላት ቦንድ መከልከሉ ከሕግ ውጪ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በየይግባኝ ፍርድ ቤቱ እየተንከባለለ ነው። ጠበቃችሁ የሚያስገባው አቤቱታ በዚያ ሳምንት ባለው ውሳኔ ላይ መመሥረት አለበት እንጂ እኔ ዛሬ በጻፍኩት ላይ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የዚያ ቡድን አባል ለመሆን ሰውየው ገና ሲገባ ያልተያዘ መሆን አለበት። የአክስትሽ ልጅ ደግሞ ድንበር ላይ ነው የተያዘው። (አንቺ ማለቴን ይቅር በዪኝ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የራሴን እህት ነው ያሰብኩት።) ስለዚህ በዚያ ውሳኔ ላይገባ ይችላል። ግን እንደ እሱ ላለ ሰው ሌላ መንገድ አለ፣ በእኔ ግምት የተሻለው እሱ ነው። መንግሥት ራሱ የለቀቀው፣ ቀጠሮውን ያከበረ ሰው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ እንደገና ሲታሰር፣ በ2025 የሲያትል ፌደራል ዳኞች በተለያዩ መዝገቦች “ከማሰራችሁ በፊት ሰውየውን መስማት ነበረባችሁ” ብለው አስለቅቀዋል። አንድም ቀጠሮ አላጎደለም ያልሽው ነገር እዚህ ላይ ወርቅ ነው። ማስረጃ ግን ይፈልጋል። በየቀጠሮው የተቀበላቸውን ወረቀቶችና የስልክ መልእክቶች ሰብስቡ።

ይህ አቤቱታ ሄቢየስ ኮርፐስ ይባላል። እኛ አገር ሕግ የተማረ ሰው “አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ” ብሎ ያውቀዋል፣ በሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 19 ላይ አለ። የፍርድ ቤቱ ክፍያ 5 ዶላር ብቻ ነው። የጠበቃው ክፍያ ግን 5 ዶላር አይደለም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ዋናው ቁም ነገር ጊዜ ነው። አቤቱታው የሚገባው ሰውየው ታስሮ በሚገኝበት አካባቢ ባለው ፌደራል ፍርድ ቤት ነው። ዛሬ ታኮማ ነው፣ ነገ ቴክሳስ ሊያደርጉት ይችላሉ። ቴክሳስ ከሄደ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ቴክሳስ ነው የሚታየው፤ ዳኛውም የሚከተለው የይግባኝ ፍርድ ቤትም ይቀየራል። ታኮማ እያለ ከገባ ግን ቢያዛውሩትም መዝገቡ እዚሁ ይቆያል። የዕድሩ ስብሰባ ለሚቀጥለው እሑድ ከተቀጠረ እባካችሁ አትጠብቁት።

ጠበቃ በነጻ ይሰጠዋል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። በወንጀል ክስ አቅም ለሌለው ሰው መንግሥት ጠበቃ ያቆማል። ኢሚግሬሽን ላይ ጠበቃ የማቆም መብት አለ፣ ከፋይ የለም። ስለዚህ ካዋጣችሁት ብር የመጀመሪያው ለጠበቃ ይውጣ። ኖርዝዌስት ኢሚግራንት ራይትስ ፕሮጀክት የሚባለው ድርጅት ታኮማ የታሰሩ ሰዎችን በነጻ ይረዳል፤ ከላይ ያልኩትን የቡድን ክስ ያቀረበውም እሱ ነው። መጀመሪያ እዚያ ደውሉ። “ወረቀት እሞላለሁ፣ ሰው አውቃለሁ” ለሚል ጠበቃ ላልሆነ ሰው አንድ ዶላር አትስጡ። የአገር ልጅ ቢሆንም። በተለይ የአገር ልጅ ከሆነ።

አሁን ዕድሩ የሚችለውን ልንገርሽ። ብዙ ነው።

ዳኛ ሰው ሲለቅ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ለሰው አደጋ ነው ወይ? ይጠፋል ወይ? ሁለተኛውን የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ፍርድ ቤት እንደሚያደርሰው የሚናገር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቤቱን የሚሰጠው ሰው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ የመታወቂያውን ኮፒ ያያይዝ። ደብዳቤው የጸሐፊውን የራሱን ዕውቀት ይናገር። “ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው” የሚል ደብዳቤ ዳኛው በቀን ሃያ ያነባል። “ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ኦፕሬሽን ስትሆን ለሦስት ሳምንት ልጆቼን ትምህርት ቤት ያደረሰልኝ እሱ ነው” የሚለውን ግን ያስታውሰዋል። አንድ ሰው ጽፎ ሌላው ስም እየቀየረ የሚፈርምበት ነገር ይቅርባችሁ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሃምሳ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ግን ለጠበቃውም ለዳኛውም ሸክም ነው።

ሌላው ትርጉም ነው። የታሰረ ሰው የአሳይለም ጉዳይ ውጪ ካለ ሰው በጣም ይፈጥናል። ከአገር ቤት የሚመጣ የፖሊስ መጥሪያ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የቤተሰብ ደብዳቤ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችል በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ዕድራችሁ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ሆስፒታል የሚያስተረጉም ሰው አይጠፋም። ይህን ሥራ በሁለት ምሽት መጨረስ ይቻላል። ሰልፍ ያህል ባይታይም ሰው ያስፈታል።

ልጁ ጋ የምትደውሉ ሰዎች፣ ስለ ጉዳዩ በስልክ አታውሩ። ስልኩ ይቀዳል። ስለ እናቱ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ኳስ አውሩ። አንድ ነገር ብቻ ደጋግማችሁ ንገሩት፦ ጠበቃ ያላየውን ወረቀት አይፈርም። “ከፈረምክ ቶሎ ትወጣለህ” ሲባል የሚወጣው ወደ ቦሌ ሊሆን ይችላል። ልትጠይቁት የምትሄዱት ደግሞ ወረቀታችሁ የተስተካከለ ብቻ ሁኑ።

ቲክቶኩን በተመለከተ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ፣ ምክንያቴ ግን የእነሱ አይደለም። የአሳይለም ማመልከቻ ምስጢር ነው። መንግሥት እንኳ ያለ አመልካቹ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን እንዳይገልጠው ደንብ ይከለክለዋል። ለምን? አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ እንዳይጎዳ። እናንተ በአማርኛ፣ ከነፎቶው፣ ከነሰፈሩ ስትለቁት ማን እንደሚያየው አስቡ። የተናገራችሁት ዝርዝር ማመልከቻው ላይ ካለው ቀን ወይም ቦታ በትንሹ ቢለይ ደግሞ የመንግሥት ጠበቃ አንስቶ “የትኛው ነው እውነቱ?” ይለዋል። ስለዚህ ስሙም ፊቱም የሚወጣው እሱ ሲፈቅድና ጠበቃው ሲስማማ ብቻ ነው። ያለ ስሙም መናገር ይቻላል፦ “የዕድራችን ልጅ፣ ቀጠሮ ሊያከብር ሄዶ ቀረ።”

የኮንግረስ አባላችሁን ቢሮ ግን ዛሬውኑ ደውሉ። እነሱ ስለ አንድ እስረኛ አይስን ለመጠየቅ እስረኛው የፈረመበት የፈቃድ ፎርም ይፈልጋሉ። ፎርሙን ቀድማችሁ ለጠበቃው ላኩለት።

ሰልፉስ? እዚህ ከወጣቶቹ ጋር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1945 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሃሪ ብሪጅስ የሚባል በአውስትራሊያ የተወለደ የወደብ ሠራተኞች መሪን ከመባረር አድኖታል፤ በውሳኔውም ላይ እዚህ የሚኖር የውጭ ዜጋም የመናገር ነጻነት አለው ብሏል። ሕጉ ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚፈሩትም ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2025 ግሪን ካርድ ያለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማህሙድ ኻሊል በፍልስጤም ጉዳይ በመናገሩ ተይዞ፣ ፌደራል ዳኛ እስኪያስለቅቀው ከሦስት ወር በላይ ሉዊዚያና ታስሯል። ጉዳዩ በዚያም አላበቃም። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈሉ። ማይክ የሚይዘውና ለጋዜጠኛ የሚናገረው ሲቲዝን ይሁን። ግሪን ካርድ ያለው፣ በተለይ የቆየ የፖሊስ መዝገብ ያለበት፣ ከጠበቃ ጋር ተነጋግሮ ይወስን። ወረቀቱ ያላለቀለት ቤት ሆኖ ይተርጉም። ዕድሩ 501 ሲ 3 በሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ደንብ ከተመዘገበ እስር ይቁም ብሎ መናገር አይከለከልም፤ የሚከለከለው ለምርጫ ተወዳዳሪ መቀስቀስ ነው።

“እስር ቤቱ ይዘጋ” የሚለውን የወጣቶቹን ጥያቄ ሰው እንደ ሕልም እንዳይቆጥርባቸው ትንሽ ልጨምር። የታኮማው እስር ቤት ጂኦ ግሩፕ የሚባል የግል ኩባንያ የሚያስተዳድረው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2014 እስረኞቹ ራሳቸው ምግብ አንበላም ብለው አደሙ። ላ ሬዚስቴንሲያ የተባለው ማኅበር የተወለደው ከዚያ ነው። እስረኞቹ ምግብ ሲያበስሉና ሲያጸዱ በቀን 1 ዶላር ይከፈላቸው ነበር። በ2021 ዳኝነት የተቀመጡ ነዋሪዎች ኩባንያው 17.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላቸው ወሰኑ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2025 መጀመሪያ አጸናው። በዚያው በ2021 ዋሽንግተን ስቴት የግል እስር ቤቶችን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ይኸኛው አልሠራም። ካሊፎርኒያ ያወጣችውን ተመሳሳይ ሕግ ፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2022 ውድቅ አደረገው፣ ታኮማም እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችን ሌላ መንገድ ሄዱ። በ2021 የወጣው ሕጋቸው የካውንቲ እስር ቤቶች ከአይስ ጋር ያላቸውን ውል እንዲያቋርጡ አስገደደ። ይህ ሠራ። ግን ችግር አመጣ፦ ሜሪላንድ የሚያዝ ሰው አሁን ወደ ሌላ ስቴት ይወሰዳል፣ ቤተሰቡም ጠበቃውም ይርቁታል። እኔ በዚህ ምክንያት ሕጉ ስሕተት ነው የምል አይደለሁም። እስር ቤት ብቻ ቢዘጋና መያዙ ካልቆመ፣ በተለይ ኮንግረስ በ2025 ክረምት ለእስር ማስፋፊያ 45 ቢሊዮን ዶላር ከመደበ በኋላ፣ ሰውየው የሚሄድበት ሌላ እስር ቤት አይጠፋም ማለቴ ነው። ለወጣቶቹ የምመክራቸው የመጀመሪያ ጥያቄ የጠበቃ ጥያቄ ነው። ኒውዮርክ በ2013 ለታሰሩ ስደተኞች ከከተማው በጀት ጠበቃ ማቆም ጀመረች፤ ያመጡትም እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች የከተማውን ምክር ቤት ደጅ እየጠኑ ነው። የካውንቲያችሁ ምክር ቤት የበጀት ስብሰባ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ።

ቦንዱ ከተፈቀደ የሚሆነውን ልንገርሽ። አገር ቤት ዋስ ማለት ሰው ነው፤ “እገሌ ዋሴ ነው” ይባላል። እዚህ ዋሱ ብሩ ነው። በሕግ ትንሹ 1,500 ዶላር ነው፣ በተግባር ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይጠየቃል፣ የሚከፈለውም ሙሉው በአንድ ጊዜ ነው። ዕድሩ በዕድር ስም ከሚከፍል አንድ ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በስሙ ይክፈል። ልጁ አንድ ቀጠሮ ከቀረ ብሩ ይወረሳል። ጉዳዩ ሲያልቅ ደግሞ ተመላሹ የሚላከው ለከፈለው ሰው፣ በከፈለበት አድራሻ ነው። ይህ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ የዕድሩ እንደሆነ ዛሬ ወረቀት ይፈራረሙ። ከፋዩ ቤት ሲቀይር አይ 333 የሚባለውን የአድራሻ መቀየሪያ ፎርም ይላክ። ሬሲቱንም ኦርጅናሉን አንቺ ያዢው፣ ሊቀመንበሩ አይደለም፤ ሊቀመንበር ይቀየራል።

እንግዲህ ወረቀቱን ፈልጋችሁ እንዳገኛችሁ የትኛው ሣጥን ላይ ምልክት እንዳለ ጻፊልኝ።